ደንቆሮ ጫካና የኪዮቶ አጸዶች

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚያልፍ መንገደኛ መጀመሪያ የሚሰማው ዛፍ ያለቀበት አገር ውስጥ የገባ መሆኑ ነው። የለጋምቦ ደጋ ገላጣ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ከዚያ የበግ ግጦሽ፣ ከዚያ ደግሞ ገብስ። ዛፍ ከታየም ከቤት ጓሮ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። ነፋሱን የሚያግደው ስለሌለ ፊት ይገርፋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። እዚህ አገር የሚጎበኝ አጸድ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም።

ዓይኑን ከመንገዱ ዳር አንሥቶ ኮረብታ ኮረብታውን ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። እዚህና እዚያ፣ በገላጣው መካከል፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ክብ አለ። ከመካከሉ ጉልላት ብቅ ካለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉልላት ከሌለው ምናልባት የሙስሊሞች መካነ መቃብር፣ ወይም የአንድ ሼህ ሐድራ የነበረ ግቢ ነው። ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ከሜዳው ጠፍቶ እዚያ ውስጥ ተርፏል። መካነ ሰላም ተደርሶ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሲታለፍ ደግሞ ክቡ ሰፍቶ ተራራ ይሞላል፤ ደንቆሮ ጫካ ይባላል፤ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ይህ ምዕራፍ እነዚህን ቦታዎች እንዴት እንደምንጎበኛቸው ይናገራል። አጸድ ማየት እንደ ትልቅ ጥበብ ከሚቆጠርባት ከጃፓኗ ከኪዮቶ ጋርም አብሮ ያያቸዋል። ሁለቱ አገሮች በብዙ ነገር ይራራቃሉ፤ በአንድ ነገር ግን ሳይነጋገሩ ተገናኝተዋል። ሁለቱም ዛፍን ከመጥረቢያ ያዳኑት በመግቢያ ሥርዓት ነው፦ ማን ይገባል፣ እንዴት ይገባል፣ ገብቶስ ምን አይነካም። ውበቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሥርዓቱን ሳያውቅ የሚገባ ጎብኚ ዛፍ ያያል እንጂ ዛፉን ያቆመውን ነገር አያይም።

ኪዮቶ እ.ኤ.አ. ከ794 አንሥቶ ከ1,000 ዓመት በላይ የጃፓን ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በ1994 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከእርሷና ከአጎራባቾቿ ከኡጂና ከኦትሱ 17 ቦታዎችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከቤተ መቅደሶቹና ከቤተ መንግሥቱ ጋር አጸዶቻቸውም አብረው ተመዘገቡ። አንዳንዶቹ ዛፍ የሚባል ነገር የሌለባቸው ናቸው። የሪዮአንጂ መቅደስ ስመ ጥሩ አጸድ በነጭ ጠጠር ላይ የተቀመጡ 15 ድንጋዮች ብቻ ነው። ጠጠሩ በመንሽ ተሰንጥቆ መስመር መስመር ይይዛል፤ ጎብኚው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያያል፤ ከየትኛውም ቦታ ቢቀመጥ ቢያንስ አንዱ ድንጋይ ይሰወርበታል። ማንም ጠጠሩ ላይ አይራመድም። ያ አጸድ ለዓይን እንጂ ለእግር አልተሠራም።

ሳይሆጂ የሚባለው ሌላው መቅደስ ለእኔ ነገር ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1339 ሙሶ ሶሴኪ የተባለ የቡድሃ እምነት መነኩሴ አጸዱን አሰናዳው። ከዘመናት በኋላ እርጥብ ድንጋይና ግንድ ላይ የሚበቅለው ልስልስ አረንጓዴ ሽፋን፣ ሞስ የሚባለው፣ መሬቱን ሁሉ አለበሰው፤ ዛሬ 120 ያህል ዓይነት እንዳለበት ይነገራል። ለሕዝብ ክፍት በነበረበት ዘመን ጎብኚው ከቁጥጥር በላይ በዛ። ሞሱ በእግር ተጎዳ፣ ሰፈሩም በግርግር ተማረረ። በ1977 እ.ኤ.አ. መቅደሱ በሩን ዘጋና አዲስ ደንብ አወጣ። መጎብኘት የሚፈልግ አስቀድሞ በጽሑፍ ያመለክታል፤ ሲመጣም በቀጥታ ወደ አጸዱ አይገባም። መጀመሪያ መቅደሱ ውስጥ ተቀምጦ የጸሎት መጽሐፍ በብሩሽ ይገለብጣል። እጁ ከረጋ፣ ትንፋሹ ከሰከነ በኋላ ይወጣና ዛፎቹ ሥር ይዘዋወራል። ይህ ደንብ የጎብኚውን ቁጥር ከመቀነሱም በላይ የጎብኚውን ልብ ይለውጣል፤ ቸኩሎ የመጣውን ሰው ሳይወቅስ ያበርደዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ለአቀስታ ሰው የሚገባው ነው። ካሞና ታካኖ የተባሉ ሁለት ወንዞች በኪዮቶ ውስጥ በሚገናኙበት ቦታ የሺሞጋሞ መቅደስ ይገኛል፤ ዙሪያውን 12 ሄክታር ያህል ጥንታዊ ጫካ ከብቦታል፤ ታዳሱ ኖ ሞሪ ይሉታል። ማንም አትክልተኛ አልነደፈውም። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርባት ከተማ መካከል የቀረው የሺንቶ አማልክት ግቢ ስለሆነ ነው። መግቢያው ላይ የእንጨት በር ይቆማል፤ ወደ ውስጥ የሚያልፍ ሰው እጁንና አፉን በውኃ ያነጻል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጃፓን ውስጥ በየመንደሩ እንዲህ ያለ የመቅደስ ጫካ አለ፤ ብዙው ከአንድ የእርሻ ማሳ የማይበልጥ ነው።

አሁን ወደ ለጋምቦ ኮረብታ እንመለስ።

የደጋው ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲቀርቡት ከሩቅ ከሚያሳየው በላይ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በድንጋይ ካብ የታጠረ ከሆነ ከካቡ ውጭ የበግ ግጦሽ፣ ከካቡ ውስጥ ደን ነው፤ በመካከላቸው የአንድ እርምጃ ርቀት ብቻ አለ። ያ አንድ እርምጃ የአየር ለውጥ አለው። ነፋሱ ይቆማል፣ መሬቱ ከእግር በታች ይለሰልሳል፣ ወፍ ይሰማል። ጽዱ ከሁሉ ረዝሞ ይታያል። ወይራው ግንዱ ተጠማዝዞ፣ ቅጠሉ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ከሥር ነጣ ብሎ ይቆማል። ኮሶው ቅርፊቱ እየተላጠ፣ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከካቡ ሥር ቀጋውና አምጃው ይጋፋሉ። ወረድ ባሉት ቦታዎች ዝግባና ጥቁር እንጨት ይጨመራሉ። የጥቁር እንጨት ቅርፊት በውጭ አገር ለወንዶች የፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚሆን በአፍሪካ ብዙ ቦታ እየተላጠ ተመናምኗል፤ ቅጽር ውስጥ ግን ማን ይነካዋል?

የማይነካበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዛፉ የታቦቱ ነው። የደብሩ ሰው ማሳው ላይ ያለውን ወይራ ሲቆርጥ የሚከለክለው የለም፤ ቅጽሩ ውስጥ ያለውን ሲቆርጥ ግን ከሰው ጋር ብቻ አይጣላም። ወድቆ የተገኘ እንጨት እንኳ ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ይውላል፤ ለዝክር ድግስ ማብሰያ፣ ለጣሪያ፣ ለአጥር። ወደ ቤቱ ተሸክሞት የሚሄድ አይኖርም። ቀበሌ ሳይመጣ፣ የደን ጠባቂ ደመወዝ ሳይቆረጥለት፣ ይህ ሕግ ብዙ መንግሥታትን አልፏል። ሳይንት ውስጥ የምትገኘው ተድባበ ማርያም በኦሪት ዘመን መሥዋዕት ይቀርብባቸው ነበር ተብለው ከሚታወቁት የአገራችን ጥንታዊ ቦታዎች አንዷ ናት። በዚሁ በጥንቱ አማራ ምድር ዐፄ በእደ ማርያም ያሠሯት አትሮንስ ማርያም በ1531 እ.ኤ.አ. በግራኝ አህመድ ጦር ተቃጠለች። ወርቋና ሐሯ ጠፍቷል። ሕንፃ እንደዚያ ነው፤ በአንድ ቀን ይጠፋል። የቅጽሩ ሕግ ግን ከሕንፃው ጋር አይቃጠልም፤ ሰው ተመልሶ ሲሰፍር ሕጉም አብሮት ይመለሳል።

ዛፎቹ ለምን እንደሚያስፈልጉ ለማወቅ በሰንበት ጠዋት ቅጽሩ ውስጥ መገኘት ይበቃል። ቅዳሴው ውስጥ ነው፣ ሕዝቡ ግን ግማሹ ውጭ ነው። ቁርባን ለመቀበል ያልተዘጋጀ፣ ራሱን ለመግባት ብቁ አይደለሁም ብሎ የሚቆጥር፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ሁሉም በየዛፉ ሥር መቋሚያውን ተደግፎ ወይም ተቀምጦ ያስቀድሳል። ለእነዚህ ሰዎች ጽዱ ጣሪያ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው፣ ሽምግልናው፣ የለቅሶው ጉባኤ እዚያው ነው። የአብነት ተማሪው ጎጆውን የሚቀልሰው በዛፎቹ ጥግ ነው፤ ዜማውን የሚያጠናውም ከጥላቸው ሥር። ኪዮቶ ውስጥ ሰው ተቀምጦ አጸድ ያያል፤ እዚህ ደግሞ ሰው አጸዱ ውስጥ ይኖራል፣ ይማራል፣ ይጋባል፣ ይቀበራል። ለእኔ የእኛው ከዚያኛው አያንስም። በፎቶግራፍ ስላልታወቀ ብቻ ትንሽ መስሎ የሚታየን እኛው ነን።

ለመጎብኘት የሚመጣ ሰው ሥርዓቱ ቀላል ነው። በበቅሎ የመጣ ከቅጽሩ ራቅ ብሎ ይወርዳል፤ በመኪና የመጣም እንዲሁ ቢያደርግ ያምርበታል። በሩን ይሳለማል፤ ክርስቲያን ካልሆነም ቆም ብሎ ይጠብቃል። ቄሰ ገበዙን ወይም ካህኑን ሲያገኝ “አባቴ ይፍቱኝ” ይላል፤ “እግዚአብሔር ይፍታህ” ይባላል። ከዚያ “አባቴ፣ ዛፎቹን ዞሬ ባያቸው ይፈቀድልኛል?” ብሎ መጠየቅ ነው። ይህችን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ ከጠየቀው በላይ ያገኛል። ካህኑ ራሳቸው ይዘውት ይዞራሉ፤ የትኛው ዛፍ ሥር ማን እንደተቀበረ፣ የትኛው በመብረቅ እንደተመታ፣ ጠበሉ ከየት እንደሚፈልቅ ይነግሩታል። ሳይጠይቅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሣው ግን ቅጠልና ግንድ ይዞ ይመለሳል።

ለጋምቦ ላይ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ ስለ አጸድ ሲነገር ቅጽር ብቻ ጠቅሶ ማለፍ ግማሹን አገር መርሳት ነው። የሙስሊሙ መካነ መቃብርም የራሱ ክብር አለው፤ እዚያ የበቀለ ዛፍ ለማገዶ አይቆረጥም፤ የሟቾች ነውና። ዱዓ የሚደረግባቸው የወሎ ሐድራዎች ከዛፋቸው ጋር አንድ ናቸው፤ ቡናው የሚፈላው፣ መንዙማው የሚባለው፣ እንግዳው የሚቀበለው በዛፍ ጥላ ነው። በደቡብ ወሎ በጃማ ንጉሥ ሐድራ መውሊድ ላይ የተገኘ ሰው ይህን ያውቃል። እዚህም የመግቢያው ሥርዓት ያው ነው፤ “አሰላሙ ዐለይኩም” ብሎ፣ ከሽማግሌዎቹ ፈቃድ ጠይቆ፣ ጫማን አውልቆ። ወሎ ውስጥ የአንዱ ልጅ የሌላውን ዛፍ የሚያከብረው ተነግሮት አይደለም፤ አክስቱ በዚያኛው በኩል ስላለች ነው።

ከአቀስታ ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ መሬቱ እየተሰነጠቀ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይወርዳል። ደንቆሮ ጫካ የተረፈው በእነዚህ ገደሎች ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል መንግሥት ደንብ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ስፋቱ 4,375 ሄክታር ነበር። በኋላ ወደ ለጋምቦና ወደ ሳይንት በኩል ያሉት ከፍታዎች ተጨምረውበት ከ15,000 ሄክታር በላይ ሆነ፤ ስሙም ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ተባለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,900 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በእግር የወረደው ሰው ያውቀዋል፤ ጠዋት ውርጭ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ የጀመረ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ወይና ደጋ ውስጥ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ ጥላ ይፈልጋል።

ከላይ መጀመር ይሻላል። ሜዳው ጓሳ ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚፈተልበት ያ ጠንካራ ሣር። በጓሳው መካከል ጅብራ ይቆማል። ጅብራ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይበቅል ተክል ነው። ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ እያሰፋ፣ ግንዱን እያወፈረ ይኖርና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አበባ አውጥቶ ይሞታል። ስለዚህ አንድ ሜዳ ላይ ገና ቅጠል የሆነው፣ ያበበውና ደርቆ የቆመው ጎን ለጎን ይታያሉ። እኔ ከዚህ ተክል ፊት ሳልቆም ማለፍ አልችልም። የሪዮአንጂን ድንጋይ ለማየት ሰው በረንዳ ላይ እንደሚቀመጠው፣ ጅብራም ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለው የሚያዩት ነገር ነው።

ጭላዳን ለማየት ጠዋት ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ ተጠግቶ ያድርና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል። ከዝንጀሮ ዘመዶች ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተው እርሱ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ሣሩን እየነጨ ሲበላ ከሩቅ ሲታይ ማሳ የሚያርሙ ሰዎች ይመስላል። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ራቁት ቆዳ ለሌሎቹ መልእክት ነው፤ ቁጭ ብሎ ለሚውል እንስሳ ምልክቱ ከፊት መሆኑ ይስማማዋል። ወንዱ ጎፈር አለው። ለጎብኚው የሚነገረው አንድ ትእዛዝ ምግብ አትስጡት ነው። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ማሳ መግባትም ይለምዳል፤ ማሳ የገባ ጭላዳ ደግሞ ከገበሬው ጋር ተጣልቷል። ጎብኚው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ጣጣው ለመንደሩ ይቀራል።

ቀይ ቀበሮን ማየት ዕድል ነው። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፤ አብዛኞቹ ባሌ ተራሮች ላይ ናቸው። በወሎ ደጋ የቀሩት ጥቂት ናቸው። በመንጋ ይኖራሉ፤ አደን የሚወጡት ግን ለየብቻ ነው፤ ምግባቸው አይጥና ፍልፈል ነው። በግ ይበላል ተብሎ የሚታማው ቀበሮ ይህ አይደለም ባይባልም ዋናው ሥራው ለገበሬው የሚያስቸግረውን አይጥ መያዝ ነው። ከጥይት በላይ የሚፈጀው በሽታ ነው፤ ከእረኞች ውሾችና ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና የውሻ ዲስቴምፐር። ስለዚህ ወደ ፓርኩ ውሻ ይዞ መሄድ አይገባም። በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ውሾቻቸው ሲከተቡ የሚጠቀመው ቀበሮው ብቻ አይደለም፤ የገበሬው ልጅም ከእብድ ውሻ ይድናል።

ከሜዳው ሥር የአስታ ቀበቶ አለ። አስታው ከእሳት በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ደጋግሞ ከተቃጠለ ግን ይደክማል። ከአስታው በታች ጫካው ይዘጋል፤ ኮሶ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከታች ብሳናና ሌሎችም። የምኒልክ ድኩላ ጠዋትና ማታ በጫካው ጠርዝ ይወጣል። ሰስ ገደል ለገደል ይዘላል። ነብር አለ፤ የሚታየው ግን ዱካው ነው። ሰማዩ ላይ አጥንት ከከፍታ ድንጋይ ላይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ትልቅ አሞራ ይዞራል። ከፓርኩ ስካውት ውጭ ብቻውን የሚሄድ ሰው ከዚህ ሁሉ ግማሹን አያይም፤ መንገዱም ገደል አለበት። ፈቃዱንና ስካውቱን ከመካነ ሰላም ማዘጋጀት ነው። ጊዜው ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ቆሞ ሣሩ ሳይደርቅ ያለው ይመረጣል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነትና በግጭት ምክንያት የክልሉ ጎብኚ በጣም ቀንሷል፤ የሚሄድ ሰው የመንገዱን ሁኔታ አስቀድሞ ከአካባቢው ሰው መጠየቅ አለበት።

ፓርክ የመንግሥት ሕግ ነው፤ ቅጽር የእምነት ሕግ ነው። በመካከላቸው ሦስተኛ ዓይነት ሕግ አገራችን ታውቃለች። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባለውን ከፍታ የአካባቢው ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። የአስቦና የጌራ አቅኚ አባቶች ዘሮች የራሳቸውን አለቃ ሾመው ሜዳውን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ሁሉም በአንድነት ያጭዳል፤ ከዚያ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በኋላ መልክ ቀይሮ መልሶታል፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ላይ እንዳስተከሉ ይነገራል። ስለዚህ ደን መትከልና መዝጋት ከውጭ ተምረነው የመጣ ነገር አይደለም፤ ደንቆሮም ዝግ የሆነው ከባዕድ አገር በመጣ ሐሳብ ነው የሚል ሰው ካለ ጓሳን ሄዶ ይመልከት።

ከጃፓን መማር የሚገባን በሌላ በኩል ነው፤ ከአሮጌው ጫካ አዲስ ጫካ ማውጣት። ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ከሞቱ በኋላ ለመታሰቢያቸው ቶኪዮ ላይ መቅደስ ሲሠራ ቦታው አብዛኛው ጫካ አልነበረም። ሆንዳ ሴይሮኩና ባልደረቦቹ 70 ሄክታር ገደማ ላይ ጫካ ነደፉ፤ ከመላው አገር ሕዝቡ 100,000 ያህል ዛፍ ለገሰ፤ መቅደሱ በ1920 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ዕቅዳቸው ለራሳቸው ዘመን አልነበረም። ፈጥነው የሚያድጉት ዛፎች መጀመሪያ ጥላ ይሰጣሉ፤ በጥላቸው ሥር የአገሩ ዘላቂ ዛፎች ያድጋሉ፤ በ100 ዓመት ጫካው ያለ ሰው እጅ ራሱ ዘርቶ የሚያበቅል ይሆናል ብለው ጻፉ። ሆነም። ዛሬ መንገዱ ላይ የወደቀው ቅጠል በየቀኑ ይጠረግና አይጣልም፤ ተመልሶ ጫካው ውስጥ ይበተናል። በኋላ የመጣው ተመራማሪ አኪራ ሚያዋኪ ደግሞ አንድ አካባቢ የራሱ የሆነው ደን ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ወደ መንደር መቅደሶች ጫካ ሄደ። ያገኛቸውን ዝርያዎች አንድ ላይ አቀራርቦ በመትከል ደን የሚያስነሣበት ዘዴው ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ምንጩ ግን አሮጌ የመቅደስ ጓሮዎች ናቸው።

እኛም ምንጩ አለን። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያ አግኝተዋል፤ ጥናቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ውስጥ በዋጌኒንገን ዩኒቨርሲቲ ቀረበ። በጥናታቸው የሚያሳስበው ነገር የትልልቆቹ ዛፎች መኖር ሳይሆን የልጆቻቸው አለመኖር ነው። ከብት የሚገባበት ቅጽር ውስጥ ዘሩ ይወድቃል፣ ይበቅላል፣ ወዲያው ይበላል። ታላቁ ጽድ ሲወድቅ ተተኪ የለውም። መፍትሔው ከገበሬው ማሳ የሚለቀመው ድንጋይ ሆነ። ምእመናን ድንጋዩን አንሥተው ቅጽሩን ዙሪያውን ካቡት፤ ማሳው ጸዳ፣ ቅጽሩም ተዘጋ። ከብቱ ሲከለከል ችግኙ ራሱ ተነሣ፤ ብዙ ቦታ መትከል እንኳ አላስፈለገም። ካቡ ላይ ለሰው ማለፊያ በር ተተወ። ይህን ሥራ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው በገንዘብ አግዘዋል፤ ድንጋዩን ያነሣው ግን የደብሩ ሰው ነው።

በለጋምቦና በቦረና ደጋ እንዲህ ያለ ካብ ያላቸው ቅጽሮች አሉ፤ ካቡ የፈረሰባቸውም አሉ። ጎብኚ በሚዞርበት ጊዜ ሊያየው የሚገባው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ከትልቁ ዛፍ ሥር ከጉልበት በታች የሆነ ችግኝ አለ ወይስ የለም? ካለ ቅጽሩ ይቀጥላል። ከሌለ ደኑ ውብ ሆኖ ሳለ እያረጀ ነው። ሌላው መታየት ያለበት ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ማገዶና ማገር ሆኖ ብዙ ወይራ ከመጥረቢያ አድኗል፤ ለዚያ ምስጋና ይገባዋል። ቅጽሩ ውስጥ ለገቢ ሲተከል ግን ውኃውን ይጠጣል፤ ሥሩም ሌላ ብዙ አያበቅልም። ለቅጽሩ ቦታው ከካቡ ውጭ ነው ባይ ነኝ።

አዲስ አበባ ላይ በ705 ሄክታር ላይ የተቋቋመው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል የአገሩን ተክል ሰብስቦ ያሳያል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። በአቀስታና በመካነ ሰላም ዙሪያ ያሉ የችግኝ ጣቢያዎች ግን ዘሩን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልጋቸውም። ከኮረብታው ላይ ካለው ቅጽር፣ ከመቃብሩ፣ ከደንቆሮ ጠርዝ ይለቀማል፤ እዚያ ያለው ዘር ለዚህ ብርድና ለዚህ ውርጭ ተፈትኖ የቀረ ነው። ቄሰ ገበዙና ሸሆቹ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ለቃሚው ከሚወድቀው ወስዶ ለወፉም ለመሬቱም ሲተው፣ ቅጽሩ ምንም አይጎድልበትም።

የኮሶ ዘር የሚለቅም ሰው ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልገዋል። ኮሶ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ ነው። የሴቷ አበባ ወፍራምና ቀላ ያለ ነው፤ ለኮሶ ትል አባቶቻችን የጠጡት እርሱ ነው፤ ዘሩም ከእርሷ ነው። የወንዱ አበባ ነጣ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ሳሳ ይላል፤ ዘር አይሰጥም፤ ያለ እርሱ ግን ሴቷ ዘር አትይዝም። አንድ ቅጽር ውስጥ አንድ ኮሶ ብቻ ቆሞ ከሆነ፣ በአቅራቢያው ካለው ቅጽር ወይም ከደንቆሮ ጠርዝ የሌላው ጾታ ችግኝ ሊመጣለት ይገባል። ችግኝ ሳለ ግን ወንድና ሴቱ አይለይም፤ ስለዚህ ብዙ መትከልና ሲያብቡ ማየት ነው። ቆላ ወርዶ መተከልም የለበትም። የኮሶ ቦታ ይህ ብርድ ነው፤ ከአቀስታ በላይ ያለው ጉም የሚያድርበት ሸንተረር።